ዲበገር ቁጥር ባይሸመድድስ?

አድራሻ ላይ የተተከለ ብሬክፖይንት፣ ፕሮግራሙ ሞቶ እንደገና ሲነሳ ምን ይሁን? በሊኑክስ የሚሠራ ፕሮግራመር ብትጠይቁ መልሱ አፉ ላይ ነው፤ «ቁጥሩ እንዳለ ይቆይ፤ አልይዝ ካለ የአድራሻ ማዘዋወሩን አጥፋው።» ማስተማሪያ ቪዲዮው እንዲህ ይላል። የሴኩሪቲ መልመጃው ገና ከመጀመሪያው ገጽ ያንኑ ያዛል። በሊኑክስ ዓለም በብዛት የሚሠራበት ዲበገር ጂዲቢም ማንም ሳይጠይቀው ያጠፋዋል። ሁሉም የተስማማበት ስለሆነ የሚከራከርበት የለም። እኔ ግን ስምምነቱ ስንፍና ነው ባይ ነኝ። ዲበገሩ ማስታወስ የነበረበት ቁጥሩ የቆመለትን ቦታ ነው። ይህንንም ማድረግ ይችላል፤ የሚያስፈልገው መረጃ ሁሉ እጁ ላይ ነው።

ሙያው ላልሆነ አንባቢ ትንሽ ላብራራ። ዲበገር ሌላ ፕሮግራምን አስነስቶ፣ በተፈለገው ቦታ አቁሞ፣ ውስጡን ገልጦ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። የማቆሚያው ምልክት ብሬክፖይንት ይባላል። ብዙ ጊዜ የምንተክለው በፋንክሽን ስም ወይም በኮድ መስመር ቁጥር ነው። ነገር ግን ምንጭ ኮዱ የሌለን ላይብረሪ ሲያጋጥም፣ ወይም ኮምፓይለሩ ለፍጥነት ሲል አንዱን መስመር አምስት ቦታ በታትኖ ሲያስቀምጠው፣ ስምና መስመር አይበቁም። ያኔ «እዚህች ትእዛዝ ላይ» ብለን በሜሞሪ አድራሻ እንተክላለን። በኢንቴልና በኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ ዲበገሩ የሚያደርገው ነገር ቀላል ነው፤ በዚያ አድራሻ ያለችውን አንዲት ባይት አንሥቶ ወደ ጎን ያስቀምጣታል፤ በምትኳ 204 የምትባለውን ባይት ይጽፋል። 204 ለፕሮሰሰሩ «ቁም» ማለት ናት። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ መዘዝ ታመጣለች።

ሪቻርድ ስቶልማን በ1986 ጂዲቢን ሲጽፍ (ዘመኖቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ቁጥርና ቦታ አንድ ነበሩ ማለት ይቻላል። ፕሮግራም በተነሳ ቁጥር ያው ቦታ ላይ ይሰፍር ነበር፤ ዛሬ የታየ አድራሻ ነገም ቢጻፍ ያችው ትእዛዝ ላይ ያሳርፋል። ይህን የለወጠው የሰርጎ ገቦች ጥቃት ነው። የፕሮግራሙ ክፍሎች የት እንደሚቀመጡ አስቀድሞ የሚያውቅ አጥቂ ሥራው ግማሽ ያለቀለት ነው። ስለዚህ በ2001 ፓክስ የተባለው የሊኑክስ ማሻሻያ ክፍሎቹን በዕጣ ማዘዋወር ጀመረ። ኦፕንቢኤስዲ በ2003፣ ዋናው የሊኑክስ ከርነል በ2005፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ2007 ከቪስታ ጋር ተከተሉ። ኡቡንቱ በ2016 በ16.10 ስሪቱ፣ ደቢያን በ2017 በ9ኛው ስሪቱ ኮምፓይለሮቻቸው ላይብረሪውን ብቻ ሳይሆን ዋናውን ፕሮግራምም ተዘዋዋሪ አድርገው እንዲያወጡ አደረጉ። በባለ 64 ቢት የኢንቴል ማሽን ላይ ሊኑክስ ለዚህ ዕጣ በተለምዶ 28 ቢት ይመድባል። ከ268 ሚሊዮን በላይ ማረፊያ ማለት ነው። በትናንቱ ቁጥር የዛሬውን ትእዛዝ አገኛለሁ ብሎ መጠበቅ ሎተሪ መቁረጥ ሆኗል።

አንድ ትእዛዝ በፕሮግራሙ ፋይል ውስጥ 1139 ላይ ትገኛለች እንበል (አድራሻዎች የሚጻፉት በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ነው)። ማዘዋወሩ ጠፍቶ በጂዲቢ ሲነሳ ፕሮግራሙ 555555554000 ላይ ያርፋል፤ ትእዛዟም 555555555139 ላይ ትሆናለች። ማዘዋወሩ በርቶ ከሆነ የፊተኞቹ አሃዞች በየጊዜው ይለዋወጣሉ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ማለትም 139 ግን አይነቃነቁም፤ ማዘዋወሩ የሚካሄደው በ4096 ባይት ገጽ ነውና። እዚች ላይ ቆም በሉ። ትእዛዟ ከፋይሉ መነሻ ያላት ርቀት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የፋይሉ ማረፊያ ብቻ ነው። ማረፊያውን ደግሞ ዲበገሩ ያውቀዋል፤ ባያውቀው ኖሮ አንድ የፋንክሽን ስም እንኳ በትክክል ሊያሳየን አይችልም ነበር። ታዲያ ባለ 12 አሃዙን ቁጥር ሸምድዶ ርቀቱን የሚረሳው ለምንድን ነው?

ጂዲቢ ለዚህ ጣጣ ያበጀው መፍትሔ በ2009 በወጣው 7.0 ስሪት መጣ። ፕሮግራሙን ከማስነሳቱ በፊት ለከርነሉ «ይህን አታዘዋውርብኝ» ብሎ ይነግረዋል። ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ያው ቦታ ላይ ያርፋል፤ ቁጥሩም ይይዛል። ተጨበጨበለት። ዛሬም ይጨበጨብለታል። ጭብጨባው ከፊል ልክ ነው፤ በየመነሻው የሚለዋወጥ አድራሻ እያዩ ማስታወሻ መያዝ አሰልቺ ነው፤ ይህን የቀመሰ ያውቀዋል። ሆኖም በዚህ መንገድ የተሸፈነውን ነገር እንመልከት።

ፕሮግራመሩ ፕሮግራሙን አስነሥቶ በአድራሻ ብሬክፖይንት ተከለ። ስሕተቱን አየ፤ ኮዱ ላይ አንድ መስመር ጨመረ፤ እንደገና ኮምፓይል አደረገ፤ እዚያው ጂዲቢ ውስጥ «ራን» አለ። ጂዲቢ ፋይሉ መለወጡን ያያል። ማየት ብቻ አይደለም፣ «ፋይሉ ተለውጧል፤ ስሞቹን እንደገና እያነበብኩ ነው» የሚል መልእክት ያወጣል። በስምና በመስመር የተተከሉትን ብሬክፖይንቶች በአዲሱ ፋይል መሠረት አስተካክሎ ያስቀምጣቸዋል። በቁጥር የተተከለውን ግን አይነካውም። ማዘዋወሩ ጠፍቷልና ፕሮግራሙ ያው ማረፊያ ላይ ያርፋል፤ አድራሻውም አለ፤ ይጻፍበታል። አዲሱ ኮድ ግን በተጨመረው መስመር ምክንያት ጥቂት ባይት ገፋ ብሏል። በትናንቱ ቁጥር ላይ ዛሬ ያለው ሌላ ነገር ነው።

ያ ሌላ ነገር የሌላ ትእዛዝ መጀመሪያ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ ያልጠበቃችሁት ቦታ ላይ ይቆምና ግራ ትጋባላችሁ። የትእዛዝ መሐል ከሆነስ? በእነዚህ ፕሮሰሰሮች አንድ ትእዛዝ ከ1 እስከ 15 ባይት ሊረዝም ይችላል። 10ን አንድ ሬጅስተር ውስጥ አስቀምጥ የምትል ባለ 5 ባይት ትእዛዝ አለች እንበል፤ የመጀመሪያዋ ባይት «አስቀምጥ» ትላለች፣ ሁለተኛዋ 10ን ትይዛለች። ዲበገሩ 204ን የሚጽፈው እዚች ሁለተኛዋ ላይ ከሆነ ፕሮሰሰሩ «ቁም» የሚል ነገር አያይም። የሚያየው «204ን አስቀምጥ» የሚል ትእዛዝ ነው። ፕሮግራሙ አይቆምም። የአገልግሎት ክፍያ 10 ብር የሚያሰላው ኮድ 204 ብር ያሰላል፤ ስሕተት የሚል መልእክትም የለም።

ነገሩ ከዚህም ይከፋል። ምን እንደተፈጠረ ለማየት በዲበገሩ ያንን ቦታ ብትከፍቱ 10 ነው የሚያሳያችሁ። ራሱ የጻፋትን 204 ከዓይናችሁ ይሰውራታል፤ ተጠቃሚው ዋናውን ኮድ እንዲያይ ታስቦ የተሠራ ደግነት ነው። ፕሮሰሰሩ 204ን ያስፈጽማል፣ እናንተ 10ን ታያላችሁ፣ በሁለቱ መካከል የቆመው መሣሪያ ደግሞ ስሕተት እንዲያገኝላችሁ የቀጠራችሁት ነው። ማዘዋወሩ በርቶ ቢሆን ኖሮ የትናንቱ ቁጥር በአብዛኛው ምንም ያልሰፈረበት ባዶ ሜሞሪ ላይ ይወድቅ ነበር፤ ጂዲቢም «ብሬክፖይንቱን መትከል አልቻልኩም» ብሎ እዚያው ይቆማል። ሰዎች የሚያማርሩበት ያ መልእክት ጠባቂ ነበር። ማዘዋወሩን ማጥፋት ያረጀው ቁጥር ያለ ማንም ከልካይ እንዲገባ በሩን መክፈት ነው።

(ፕሮሰሰሩ ራሱ የሚያቀርባቸው ብሬክፖይንቶችም አሉ። ከ1985ቱ 386 ጀምሮ አራት የአድራሻ ሬጅስተሮች ለዚህ ተመድበዋል። እነዚህ ኮድ ውስጥ ምንም ስለማይጽፉ አያበላሹም። የትእዛዝ መሐል ላይ ከተተከሉ ግን ዝም ይላሉ። አራት ብቻ መሆናቸውም ሌላ ጣጣ ነው።)

በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት ያደገ ሰው ይህን ጉዳይ ኮምፒውተር ሳያይ ያውቀዋል። እዚያ ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዝማሬ መዋሥዕት ፈላጊው ወደ ዙር አምባ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ድጓውን አድርሶ መምህር ሊባል የሚሻ ከየአገሩ ወደ ቤተልሔም ይመጣል። ድጓ በእጅ ሲገለበጥ የኖረ የዜማ መጽሐፍ ነው። አንዱ ጸሐፊ ፊደሉን ያገዝፋል፣ ሌላው ያጠባል፤ የአንዱ ብራና ሰፊ ነው፣ የሌላው ጠባብ። የአንዱ ድጓ አርባኛ ቅጠል የሌላው አርባኛ ቅጠል አይደለም። ስለዚህ የኔታ ቅጠል ቆጥረው አይመሩም። ከዮሐንስ ይሁን ከአስተምህሮ፣ ከጾመ ድጓ ይሁን ከፋሲካ፣ መጀመሪያ ክፍሉን ይጠራሉ። ቀጥሎ በዓሉን፤ ቀጥሎ ዋዜማው ይሁን መዝሙሩ ወይስ እስመ ለዓለሙ፤ በመጨረሻም መነሻ ቃሉን። ተማሪው በማንኛውም ሰው ድጓ ላይ ያንን ቦታ ያገኘዋል። መነሻ ቃሉ ሌላ ጥቅምም አለው፤ የተገለጠው ቦታ ላይ ያለው ቃል ከተጠራው ጋር ካልገጠመ፣ የተሳሳተ ቦታ መገለጡ ዜማው ሳይጀመር ይታወቃል።

ከዲበገሩ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ጥበብ አልጠየቅኩም። ቁጥር ስሰጠው ቁጥሩ የወደቀበትን ፋይል ይመዝግብ፤ ዋናው ፕሮግራም ይሁን የትኛው ላይብረሪ። ከፋይሉ መነሻ ያለውን ርቀት ይመዝግብ። እዚያ ቦታ ላይ ያገኛቸውን ጥቂት ባይቶች ይመዝግብ። ፕሮግራሙ እንደገና ሲነሳ ፋይሉን አዲሱ ማረፊያው ላይ ፈልጎ፣ ርቀቱን ደምሮ፣ ባይቶቹን አስተያይቶ ይትከል። ባይቶቹ ካልገጠሙ አይትከል፤ ይናገር።

ይህ የሚያምር ሐሳብ ብቻ ነው የሚለኝ አይጠፋም። ሌሎች ሲያደርጉት ኖረዋል። ከአፕል ቤት የወጣው ኤልኤልዲቢ አድራሻ ስትሰጡት የአንድ ፋይል ክፍል መሆኑን ካወቀ ቁጥሩን ወደ ፋይሉ ውስጣዊ አድራሻ ይለውጠዋል፤ ፋይሉ የትም ቢያርፍ ተከትሎት ይሄዳል። በእገዛ ጽሑፉ ላይ በግልጽ ሰፍሯል፤ የፋይሉን ስም ራሳችሁ ብትሰጡትም ያው ነው። በዊንዶውስ ላይ ምንጭ ኮዳቸው የሌለ ፕሮግራሞችን የሚመረምሩ ሰዎች የሚወዱት ኤክስ 64 ዲቢጂም ብሬክፖይንቶቹን የሚያስቀምጠው በፋይሉ ስምና ከመነሻው ባለ ርቀት ነው። የማይክሮሶፍቱ ዊንዲቢጂ ሁለት ዓይነት ትእዛዝ አለው፤ አንዱ አሁን ባለው አድራሻ ላይ ይተክላል፤ ሌላው ስሙን ይዞ ላይብረሪው እስኪጫን ይጠብቃል። ሥራ ሲዘጋ ለነገ የሚቀመጠው ሁለተኛው ነው። ልምድ ያላቸው የዊንዶውስ ሰዎች ልዩነቱን በደንብ ያውቁታል። የሊኑክሱ ወገን ግን «ቁጥሩን አርጋው» በሚል መፍትሔ ረክቶ ተቀምጧል።

ጂዲቢን ጨርሶ አላዋቂ ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው። በደረቅ ቁጥር ፋንታ «ከሜይን ፋንክሽን 4 ባይት አለፍ ብሎ» የሚል የስም ስሌት ከሰጣችሁት፣ ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ስሌቱን እንደገና ያሰላዋል፤ ሜይን በሄደበት ይሄዳል። መንገዱ ውስጡ አለ ማለት ነው። ደረቅ ቁጥር ሲሰጠው ግን ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ፋይል መመልከት ያቅተዋል።

ለዚህ የሚቀርበው ከባዱ መከራከሪያ የታዛዥነት ነው። «ተጠቃሚው ቁጥር ጻፈ፤ መሣሪያ የታዘዘውን ይፈጽም፤ ከኋላ ሆኖ ሐሳቡን አይተርጉም።» ይህን የሚሉ ሰዎች ሞኞች አይደሉም፤ አዋቂ ነኝ በሚል መሣሪያ ብዙ ተጎድተናል። ቁጥር በእርግጥ ቁጥር የሆነባቸው ቦታዎችም አሉ። የኤስቲኤም 32 ማይክሮኮንትሮለር ፍላሽ ሜሞሪ 8000000 ላይ ይጀምራል፤ ዛሬም ነገም እዚያው ነው፤ እዚያ ላይ ቁጥሩን ማመን ትክክል ነው። ፕሮግራሙ እየሄደ በራሱ የሚፈጥረው ኮድም የፋይል መነሻ የለውም። እንዲህ ላለው ጉዳይ ቁጥሩን እንዳለ የሚያስይዝ ምርጫ ይኑር። ነገር ግን ተጠቃሚው 555555555139 ብሎ የጻፈው ቁጥሩን ወዶት አይደለም። ከአንድ ደቂቃ በፊት ዲበገሩ ራሱ ያንን ትእዛዝ ሲያሳየው ከጎኗ ያተመለት ቁጥር ነው። ትእዛዟን ለመጠቆም የተሰጠው እጀታ እሱ ብቻ ነበር። ዲበገሩ ራሱ የሰጠውን ቁጥር መልሶ ሲቀበል የምን እንደነበረ ካላወቀ ታዛዥነቱ ለማን ነው?

ሁለተኛው መከራከሪያ «ፕሮግራሙ እንደገና ከተሠራ ርቀቱም ይሳሳታል» የሚል ነው። እውነት ነው። ባይቶቹን መመዝገብ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ከባይቶቹ ሌላ መታወቂያም አለ፤ ከ2007 ገደማ ጀምሮ የሊኑክስ ሊንከሮች በእያንዳንዱ በተሠራ ፋይል ውስጥ የግንባታ መለያ ማስቀመጥ ይችላሉ፤ በተለምዶ 20 ባይት ነው። መለያው ከትናንቱ ጋር አንድ ከሆነ ርቀቱ ያለ ጥርጥር ልክ ነው። ካልሆነ ብሬክፖይንቱ ከነማስታወሻው ወደ ጎን ይቀመጥና ተጠቃሚው ይወስንበት። ጂዲቢ ፋይሉ መለወጡን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ይህን ለማለት አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ብቻ ይበቃው ነበር።

ሦስተኛውን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመምህራን ነው የምሰማው፤ «ማዘዋወሩ ሲጠፋ ስሕተቱ ተደጋግሞ ይታያል፤ ተማሪ አይደናገርም።» አንዳንዱ ስሕተት ይደጋገማል። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ዕቃዎችን በሜሞሪ አድራሻቸው ቅደም ተከተል የሚደረድር ፕሮግራም አስቡ፤ ይህ በሲ ፕላስ ፕላስ ሳይታሰብ የሚፈጸም የተለመደ ጥፋት ነው። ማዘዋወሩ በርቶ በተነሳ ቁጥር የተለየ ውጤት ይሰጣል፤ ዲበገር ውስጥ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት፣ ምናልባትም ሁልጊዜ ትክክለኛውን። ተማሪው «ዲበገር ውስጥ ይሠራል፣ ውጭ ይበላሻል» ብሎ ኮምፒውተሩን ይጠረጥራል። አካሄዱን መድገም ለሚፈልግ ለዚያው የተሠራ መሣሪያ አለ። ከሞዚላ በ2014 የወጣው አርአር የአንድን ሩጫ ሁሉን ነገር ቀርጾ ደጋግሞ ያጫውታል፤ በእያንዳንዱ ጨዋታ አድራሻዎቹ ሁሉ ያው ናቸው። እዚያ ውስጥ ደረቅ ቁጥር ሙሉ በሙሉ ልክ ነው፤ የሚደጋገመው ራሱ ሩጫው ስለሆነ።

ቁጥሩን የማርጋቱ መፍትሔ ከዚህም ሌላ የሚሠራው ዲበገሩ ራሱ ፕሮግራሙን ሲያስነሳ ብቻ ነው። እየሄደ ያለ ፕሮግራም ላይ ሲንጠላጠል ዕጣው ቀድሞ ወጥቷል። የዶከር ኮንቴይነር ውስጥ ከሆነ የተለመደው የደህንነት ደንብ ማዘዋወሩን ማጥፋት ይከለክለዋል፤ ጂዲቢም «አልተፈቀደልኝም» ብሎ ያስጠነቅቃል። አንድሮይድ ደግሞ ከ2014ቱ 5.0 ስሪት ጀምሮ የማይዘዋወር ፕሮግራምን ጭራሽ አያስነሳም።

ይህ ሁሉ ክርክር የሲሊከን ቫሊ የቅንጦት ጭቅጭቅ የሚመስለው ካለ ነገሩን ወደ ደቡብ ጎንደር ምሥራቅ ላምጣው። ከስማዳ ወይም ከእስቴ ተነሥቶ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ ክረምቱን አገሩ ሲገባ መብራት ባለበት ሰዓት ይሠራል፤ በጠፋ ጊዜ ይቀመጣል። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ላይ መብራት ሲጠፋ ዲበገሩ ከነብሬክፖይንቶቹ ይሞታል። እኛ ዘንድ የፕሮግራም ሩጫ መቋረጥ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው፤ ብሬክፖይንት ከአንዱ ሩጫ ወደ ሌላው በደህና መሻገሩ ካሊፎርኒያ ካለው ሰው ይልቅ ስማዳ ወገዳ ላለው ይበልጥ ያስፈልጋል። ጂዲቢ ከ2010ሩ 7.2 ስሪት ጀምሮ ብሬክፖይንቶችን በፋይል ያስቀምጣል፤ መልካም ነው። የሚያስቀምጠው ግን የተጻፈለትን ጽሑፍ ነው። ደረቅ ቁጥር ከጻፉለት ደረቅ ቁጥር ይመልሳል፤ የየትኛው ፋይል፣ የየትኛው ግንባታ እንደሆነ አንድም ቃል የለውም።

ሌላም አለ። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። እንዲህ ባለ ጊዜ ነፋስ መውጫ ወይም አርብ ገበያ ላይ የስልክ መተግበሪያ ቢወድቅ፣ አዲስ አበባ ላለው ሠሪ የሚደርሰው በድምፅ የሚነበብ ነገር ብቻ ነው። አንድሮይድ ፕሮግራም ሲወድቅ የሚጽፈው መዝገብ ለዚህ ተስማሚ ነው። የወደቀበትን ቦታ የሚጽፈው በላይብረሪው ስምና ከመነሻው ባለ ርቀት ነው፤ በአዳዲሶቹ ስሪቶች የግንባታ መለያውም አብሮ ይወጣል። የላይብረሪውን ስም፣ ርቀቱንና የመለያውን የመጀመሪያ ጥቂት አሃዞች በስልክ ቢያነቡለት፣ አዲስ አበባ ያለው ሰው ያችኑ ትእዛዝ ራሱ ዘንድ ያገኛታል። ደረቅ አድራሻ ቢነበብለት ግን ምን ያደርግበታል? የዚያ ስልክ ዕጣ የዚያ ስልክ ብቻ ነው። እንግዲህ የሞተ ፕሮግራም መዝገብ በትክክል የሚጽፈውን ነገር፣ በሕይወት ያለን ፕሮግራም የሚመረምረው ዲበገር መጻፍ አቃተው ማለት ነው። ሁለቱን የጻፉት ሰዎች አንድ ዓይነት እውቀት አላቸው። አንደኛው ወገን መዝገቡ ወደ ሌላ ማሽን እንደሚሄድ አስቦ ጻፈ፤ ሌላው ተጠቃሚው ከዚያች ወንበር እንደማይነሳ አሰበ።

እስኪስተካከል ድረስ ጂዲቢ ላይ የሚሠራ ሰው የሚችለው ይህን ነው፤ ስም ካለ ደረቅ ቁጥር አይጻፍ፣ በፋንክሽኑ ስም ላይ ርቀቱን ደምሮ ይጻፍ። ስም የሌለው ፋይል ከሆነ፣ ጂዲቢ ከ7.0 ጀምሮ ፓይተን ስለሚቀበል፣ የፋይሉን ማረፊያ ፈልጎ ርቀቱን የሚደምር አጭር ስክሪፕት መጻፍ ይቻላል። ኮዱ እንደገና ኮምፓይል በተደረገ ቁጥር የቁጥር ብሬክፖይንቶች ይሰረዙ። ቢያንስ የመጨረሻው ሙከራ ደግሞ ማዘዋወሩ በርቶ ይደረግ።

የማልመልሰው አንድ ነገር አለ። የሚጠበቀው አድራሻ የኮድ ሳይሆን የዳታ ከሆነስ? ፕሮግራሙ እየሄደ በሂፕ ላይ የወሰደው ቦታ የማንም ፋይል አካል አይደለም፤ ከመነሻው የሚለካበት መነሻ የለውም። «ይህን ቦታ ማን እንደሚጽፍበት አሳየኝ» ብሎ የተተከለ መጠበቂያ በሚቀጥለው ሩጫ ምን እንደሚያመለክት ዲበገሩ ሊያውቅ አይችልም። የማዘዋወሩ አጥፊዎች ጠንካራው ምሽግ ይሄ ነው፤ ማዘዋወሩ ሲጠፋ፣ ግብዓቱና የክሮቹ ቅደም ተከተል ካልተለወጠ፣ የሂፕ አድራሻ ብዙ ጊዜ ይደገማልና። ብዙ ጊዜ። አንድ ተጨማሪ ፊደል በግብዓቱ ውስጥ ሲገባ ይዛነፋል። እዚህ ላይ የማምነው አርአርን ነው፤ እሱም የራሱ ገደብ አለው፣ የፕሮሰሰሩን ቆጣሪዎች ማግኘት ይፈልጋል፣ ክሮቹንም ሁሉ በአንድ ኮር ላይ ያሰልፋል። እሱ በማይሠራበት ማሽን ላይ የሂፕ መጠበቂያ ሲሞት ይሙት፤ ዲበገሩም ፕሮግራሙ ሲያበቃ ይሰርዘውና መሰረዙን ይንገረን።